ተምብታክ፣ ታስክራቢት፣ አንጂ፦ ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው?

ቤት ከገዛን ወዲህ የኔና የባለቤቴ ወሬ ግማሹ ስለ ጥገና ሆኗል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አሮጌ ታውንሃውስ ነው። ዛሬ ቧንቧው፣ ነገ በሩ፣ ከነገ ወዲያ ጣሪያው። ተከራይ እያለን ለማኔጅመንት እንደውላለን፣ ሰው ይላካል፣ አለቀ። አሁን ሰው ፈላጊዎቹ እኛው ነን። ስለዚህ ደንበኛን ከአካባቢው ባለሙያ ጋር የሚያገናኙትን አፖች፣ ተምብታክን፣ ታስክራቢትንና አንጂን፣ ሳልወድ በግዴ ለምጃቸዋለሁ። ጓደኞቼ ዕቃ በተበላሸባቸው ቁጥር "የቱ ይሻላል?" እያሉ ይደውሉልኛል። ለሁሉም የምመልሰውን እዚህ ልጻፈው።

ድሮ እዚህ አገር አበሻ ሰው የሚያገኘው በሰው ነበር። አበሻ ሱቆች በር ላይ የሚቀመጠው የኢትዮጵያ የሎው ፔጅስ አለ። ቅዳሴ ሲያልቅ "ቧንቧ የሚሰራ ሰው ታውቃላችሁ?" ብሎ መጠየቅ አለ። ዛሬም አልቀረም፤ ባይቀርም ደስ ይለኛል። የሚመጣው ሰው የማን ዘመድ እንደሆነ ይታወቃል። ግን ዋጋ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይወሳሰባል። "ስንት ነው?" ስትሉት "ኧረ ግድ የለም፣ እንተሳሰባለን" ይላችኋል። ስራው ሲያልቅ እሱ ያሰበውና እናንተ ያሰባችሁት አይገናኝም። እሱን ይሉኝታ ይይዘዋል፣ እናንተንም ይይዛችኋል። ሁለታችሁም ቅር እያላችሁ ትለያያላችሁ። እሁድ ደግሞ ቤተክርስቲያን ትገናኛላችሁ። ስራው ቢበላሽስ? "እንደገና ና ስራው" ለማለት ማን ፊት አለው?

አፖቹ የገላገሉኝ ከዚህ ነው። ዋጋው ስራው ሳይጀመር ይነገራል። የማያውቁት ሰው ስለሆነ ያልተስተካከለውን "ይሄ አልተስተካከለም" ማለት አይከብድም። ለኔ ትልቁ ጥቅማቸው ይሄ ነው።

ቀላሉ ታስክራቢት ስለሆነ ከሱ ልጀምር። በ2008 ቦስተን ውስጥ ሊያ በስክ የምትባል ሴት ናት የጀመረችው። በብርድ ሌሊት የውሻዋ ምግብ ያልቅባታል፤ አሁን ሱቅ አካባቢ ያለ ሰው ገዝቶ ቢያመጣልኝ ብላ ታስባለች። ከዚያ ነው የተነሳው። በ2017 አይኬያ ገዛው። የአይኬያ ቁምሳጥን በራሱ እጅ የገጣጠመ ሰው ለምን እንደገዛው አያጣውም።

እኛም ከኮሌጅ ፓርኩ አይኬያ ለእማዬ ክፍል ፓክስ የሚባለውን ረጅሙን ቁምሳጥን ገዛን። ባለቤቴ ፈረቃ ላይ ነበር፤ ሰው መጥራት ነበረብኝ። አፑ ላይ ሰራተኞቹ ከነፎቷቸው፣ ከነሪቪዋቸው፣ ከነሰዓት ዋጋቸው ይደረደራሉ። ዋጋውን የሚወስነው ሰራተኛው ራሱ ነው። ቀድሞ በጨረታ ነበር፤ ሰራተኞቹ ዋጋ እየሰበሩ ይወዳደሩ ነበር። ያንን በ2014 ትተውታል። ጥሩ አደረጉ። እርስ በርሱ ዋጋ እየቀነሰ የመጣ ሰው ቤቴ ገብቶ በጥድፊያ እንዲሰራልኝ አልፈልግም።

ርካሹን አልመረጥኩም። ሪቪዎቹ ውስጥ "ፓክስ" የሚል ቃል ያለበትን ሰው ፈልጌ መረጥኩ። ወጣት ልጅ ነው የመጣው። መጀመሪያ ካርቶኖቹን በቢላ ከፍቶ ምንጣፉ ላይ ዘረጋቸው፣ እንጨቱ እንዳይጫር። ብሎኖቹን በየዓይነታቸው የሚለይበት ትንንሽ ሰሃን እንዳለን ጠየቀ። እማዬ የቡና ሲኒዎቿን አመጣችለት። በየሲኒው አንድ ዓይነት ብሎን ከተተ። ሳጥኑ ከቆመ በኋላ የጀርባውን ሰሌዳ ከመምታቱ በፊት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሜትር ለካ፤ ከዚያ በሌላው ማዕዘን ደገመው። "ሁለቱ እኩል ካልመጡ በሩ አይዘጋም" አለኝ። መጨረሻ ላይ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት በመፈለጊያ መሳሪያ አገኘና ቁምሳጥኑን ከሱ ጋር አሰረው። ልጆች ያሉበት ቤት ይሄ መዘለል የለበትም፤ ረጅም ቁምሳጥን ልጅ ሲንጠለጠልበት ይወድቃል። ሳልጠይቀው ነው ያደረገው። እማዬ ሳይበላ አላስወጣችውም።

ታስክራቢት ላይ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። ከሰራተኛው ስም አጠገብ የምታዩት የሰዓት ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ ላይሆን ይችላል። አፑ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል። ስለዚህ ከሌላ ጋር ስታወዳድሩ የመጨረሻውን ድምር እዩ። ቀጠሮ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከሰረዛችሁም የአንድ ሰዓት ልትከፍሉ ትችላላችሁ። የሚጨመረውን ክፍያ ባልወደውም አንድ ነገር አከብርለታለሁ፤ አፑ የሚወስደውን እኔ አያለሁ፣ የምከፍለውም እኔ ነኝ። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ወደ ከባዱ ልግባ። በብርዱ ወራት ዋተር ሂተራችን (የውሃ ማሞቂያው ታንክ) ቤዝመንት ውስጥ መንጠባጠብ ጀመረ። መጀመሪያ የገባሁበትን ድረ ገጽ ስሙን አልጠራም። ዚፕ ኮድ፣ ስም፣ ስልክ ብቻ ነው የጠየቀኝ። ስልኬን አስገብቼ ቡናዬን ሳልጨርስ መደወል ጀመረ። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይቀጥላል። ቁጥሬ ለስንት ኩባንያ እንደተሸጠ እግዜር ይወቀው። ዋተር ሂተሩ ከተቀየረ በኋላም የሚደውሉ ነበሩ።

ከነሱ መካከል አንዱ ቶሎ መጣ። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነው። "ግማሹን አሁን በዜል ላኪልኝ፣ ነገ ጠዋት ገጥሜ እጨርሳለሁ" አለኝ። ዜል በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ ነው። ፐርሚቱስ (የስራው ፈቃድ)? ስለው "ለዚህ ፐርሚት አያስፈልግም" አለ። እዚህ ላይ ቆምኩ።

ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ለምትኖሩ ይሄን በደንብ ልንገራችሁ። በነዚህ ሁለት ካውንቲዎች ለቧንቧና ለጋዝ ሰራተኞች ላይሰንስ የሚሰጠው የውሃ ድርጅቱ ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ ነው። ዋተር ሂተር ሲቀየርም ፐርሚት መውጣት አለበት፤ ከዚያ ኢንስፔክተር መጥቶ ያየዋል። ወረቀት ለማብዛት ተብሎ የተደረገ አይደለም። የኛ በጋዝ የሚሰራ ነው። የጭስ መውጫው በትክክል ካልተገጠመ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ይቀራል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ቤዝመንት የሚተኛ ሰው ያለበት ቤት ስንት ነው በኛ ዘንድ? ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ፣ ተማሪ፣ አዲስ ገቢ ዘመድ የሚያርፈው እዚያ አይደል?

ከዚያ ተምብታክን ሞከርኩ። ይሄም በ2008 የተጀመረ ነው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ። የወደድኩለት ጥያቄዎቹን ነው። ጋዝ ነው ኤሌክትሪክ? ስንት ጋሎን? የት ነው ያለው? መጠገን ነው መቀየር? መቼ ይፈለጋል? ይሄን ሁሉ ከመለሳችሁ በኋላ ባለሙያዎቹን ያሳያችኋል፤ ለማን መጻፍ እንዳለባችሁ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። እኔ ለሁለት ሰው ብቻ ጻፍኩ። የዋተር ሂተሩን ተለጣፊ ወረቀት፣ የቧንቧውን መገጣጠሚያና የጭስ መውጫውን ፎቶ አነሳሁና ላክሁ። ፎቶ ስትልኩ የሚመጣው ዋጋ እውነተኛ ይሆናል፤ ባለሙያው ያላየውን ነገር ፈርቶ ዋጋ አይቆልልም።

የመረጥኩት ሰውዬ በዋጋ ከሁለቱ ከፍ ይላል። ግን ዋጋውን ዘርዝሮ ጻፈልኝ፤ ታንኩ ይሄን ያህል፣ እጅ ስራ ይሄን ያህል፣ ፐርሚት ይሄን ያህል፣ አሮጌውን ማንሳት ይሄን ያህል። የላይሰንስ ቁጥሩን ስጠይቀው ወዲያው ላከልኝ። አፑ "ላይሰንሱ ተረጋግጧል" የሚል ምልክት ከአንዳንዶቹ አጠገብ ያደርጋል። ጥሩ ነው። እኔ ግን ቁጥሩን ወስጄ ራሴ አጣራለሁ፤ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሰውዬው ጠዋት መጥቶ ከሰዓት በፊት ጨረሰ። ኢንስፔክተሩም በሌላ ቀን መጥቶ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሙቅ ውሃ አስበንበት አናውቅም።

እስካሁን ለደንበኛ እንዴት እንደሆነ ነው የነገርኳችሁ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ተምብታክ ለደንበኛ ነጻ ነው። አንጂም ነጻ ነው። ታዲያ በምን ይኖራሉ?

አንጂ ታሪኩ ራሱ ይናገራል። ስሙ አንጂስ ሊስት በነበረ ጊዜ፣ በ1995 ኮለምበስ ኦሃዮ ሲጀመር፣ አንጂ ሂክስ ቤት ለቤት እየዞረች ነበር አባል የምትመዘግበው። የሚከፍለው ደንበኛው ነበር። ከፍላችሁ አባል ትሆናላችሁ፣ ሌሎች አባላት ስለ ባለሙያዎች የጻፉትን ታነባላችሁ። በ2016 ሪቪዎቹን ማንበብ ነጻ ሆነ። በ2017 ከሆም አድቫይዘር ጋር ተዋሃደ፤ በ2021 ደግሞ ስሙ አጥሮ አንጂ ሆነ። የሆም አድቫይዘር አሰራር ግን ሌላ ነው፤ የሚከፍለው ባለሙያው ነው። የደንበኛ ጥያቄ "ሊድ" ተብሎ ይሸጥለታል። በ2022 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሆም አድቫይዘርን ከሰሰው። ክሱ ስለ ሊዶቹ ጥራት ለባለሙያዎች ያልሆነ ነገር ነግሯል የሚል ነበር፤ በቅርቡ ሰው ሊቀጥሩ የተዘጋጁ ደንበኞች ናቸው እየተባሉ ያልሆኑትን ገዝተዋል የሚል። በ2023 እስከ 7.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ። ገንዘቡ ለባለሙያዎቹ የሚመለስ ነው። የተጎዱት እነማን እንደነበሩ እዩ። ትንንሽ ሰራተኞች ናቸው፤ አንድ ቫንና አንድ መሰላል ያላቸው ሰዎች።

ይሄን ከጋዜጣ ብቻ አይደለም የማውቀው። የአክስቴ ልጅ፣ ወንድሜ የምለው፣ ታይልና ድራይዎል ይሰራል። ስንት ዓመት ለሰው ተቀጥሮ ሰርቶ ነው የራሱን ላይሰንስ ያወጣው። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት እድሳት ላይሰንስ ቀልድ አይደለም፤ የሁለት ዓመት ልምድ ማሳየት አለ፣ ፈተና አለ፣ ኢንሹራንስ አለ። ያን ሁሉ አሟልቶ ደንበኛ ፍለጋ ከነዚህ አፖች አንዱ ላይ ተመዘገበ።

አንድ እሁድ እኛ ቤት ምሳ እየበላን ስልኩ ጮኸ። ገና አንድ ጉርሻ ነው የጎረሰው። እጁን በናፕኪን ጠርጎ ተነሳና ኮሪደር ላይ ቆሞ መጻፍ ጀመረ። "ቁጭ ብለህ ብላ እንጂ" ስለው "ቀድሞ የመለሰ ነው የሚያገኘው" አለኝ። የሻወር ታይል ነው የተጠየቀው። ሊዱ ብቻ አፑ ላይ ከ40 ዶላር በላይ ቆርጦበታል። ሰውየው ስራውን ሰጠውም አልሰጠውም ያ ገንዘብ ሄዷል። ወጡ ቀዘቀዘ፣ እሱ መልስ ጠበቀ። ደንበኛው ሁለተኛ አልጻፈም። ምናልባት ዋጋ ለማወቅ ያህል ብቻ ነው የጠየቀው፤ ምናልባት ለአምስት ሰው ጽፎ አንዱን መርጧል። አምስቱም ከፍለዋል።

የዚያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። "ነጻ" የሚለውን ነገር ስጫን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ እየገባሁ ነው። ያ ወጪ ደግሞ የትም አይሄድም። ባለሙያው ያልተሳኩትን ሊዶች ዋጋ በተሳካው ስራ ላይ ይጨምረዋል፤ መጨመር አለበት፣ አለበለዚያ አይኖርም። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ የምንከፍለው እኛው ነን፤ ልዩነቱ የሚታይ መስመር ላይ አልተጻፈም። የታስክራቢቱን ግልጽ ክፍያ ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። እኔ በግልጽ ቢያስከፍሉኝ እመርጣለሁ።

ስለ ሪቪው ደግሞ ሆድ የሚያስብሰኝ ነገር አለ። የወንድሜ ደንበኞች ብዙዎቹ አበሾች ናቸው። ስራው ሲያልቅ እንዴት እንደሚመርቁት! "እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ፣ እደግ ተመንደግ።" ምሳ ያበሉታል፣ ለልጆቹ ድፎ ዳቦ ጠቅልለው ይሰጡታል። አፑ ላይ ግን አንድ መስመር አይጽፉለትም። ምርቃቱ ከልብ ነው፣ አልጠራጠርም። ግን አፑ ምርቃት አይቆጥርም። ከሱ ያነሰ የሚሰራ፣ ደንበኞቹ ሁሉ የሚጽፉለት ሰው ከላይ ይቀመጣል፤ የኛ ልጅ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይቀራል። ከላይ ያለው ብዙ ሰው ይመርጠዋል፣ ሊዱም አይባክንበትም። ታች ያለው ሊድ እየገዛ ይከስራል። እባካችሁ ጻፉ። እንግሊዝኛው ባይጠራም ግድ የለም። ምን ሰራ፣ በተነጋገራችሁት ዋጋ ጨረሰ ወይ፣ ሲወጣ ቦታውን አጸዳ ወይ። ይሄ ይበቃል። ፎቶ ካለ ደግሞ የተሻለ። እኔ ሰራተኛው መኪናው ውስጥ ሳይገባ ነው የምጽፈው፤ ካደረ ይረሳል።

ስታነቡ ደግሞ ኮከቡን ብቻ አትቁጠሩ። ሁሉም 5 አካባቢ ነው። እኔ በቀጥታ ሦስትና አራት ኮከብ የተሰጠባቸውን ነው የማነበው። እዚያ ነው እውነተኛ ነገር ያለው፤ "ስራው ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ሰዓት ዘገየ" ዓይነት። ከሱ ስር ባለሙያው ምን ብሎ እንደመለሰ አያለሁ። ይቅርታ ጠይቆ ተመልሶ ያስተካከለ ሰው ለኔ ምንም ቅሬታ ከሌለበት ሰው ይበልጥብኛል። ቅሬታ ሲመጣበት የሚሳደብ ከሆነ ኮከቡ ስንትም ቢሆን ቤቴ አይገባም።

አሁን እንዴት እንደምጠቀምባቸው ልንገራችሁ። ዋጋ ለማወቅ ያህል ለባለሙያ አልጽፍም። ሰው ለመጥራት ስወስን ብቻ ነው የምጽፈው፤ ያውም ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ሰው። አንዱን ከመረጥኩ ለሌላኛው "ሰው አግኝቻለሁ፣ አመሰግናለሁ" ብዬ እጽፋለሁ። ገንዘቡን አይመልስለትም፣ ግን ስልኩን ይዞ አይጠብቅም። ንግግሩን አፑ ውስጥ ነው የምጨርሰው፤ የተባባልነው ነገር ተጽፎ ይቀመጣል፣ ጭቅጭቅ ቢነሳ ማስረጃ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ላይ ደግሞ ሜሪላንድ ሕግ አላት፤ የቤት እድሳት ኮንትራክተር ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ ቀብድ መቀበል አይችልም። ግማሹን በዜል ካላችሁ፣ ሕጉን አያውቅም ወይም እያወቀ ነው። ሁለቱም ጥሩ አይደለም።

የተምብታኩን ቧንቧ ሰራተኛ ኩሽናው ሲያፈስ በቀጥታ ስልኩ ላይ ነው የደወልኩለት። አንዴ ከተዋወቅን በኋላ እንደገና ሊድ የሚገዛበት ምክንያት የለም። ታስክራቢት ግን ከአፑ ውጪ መዋዋልን ይከለክላል። እዚያ ያገኛችሁትን ሰው እዚያው ድገሙት፤ ልጁን ከስራ እንዳታስወጡት።

እንግዲህ የቱ ይሻላል ላላችሁኝ። ለዕቃ መገጣጠም፣ ቲቪ ለመስቀል፣ ከቤት ቤት ዕቃ ለማመላለስ ታስክራቢት፤ አይኬያ ከሆነ ሌላ ቦታ አትልፉ። ለቧንቧ፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለታይል ተምብታክ፣ ላይሰንሱን ራሳችሁ ካጣራችሁ። አንጂን ለትልቅ ስራ፣ ለምሳሌ ለጣሪያ፣ ከአንድ በላይ ዋጋ ለማየት እከፍተዋለሁ፤ ለትንሽ ስራ ግን አልጠቀምበትም። የትኛውም ድረ ገጽ ማንን እንደምታነጋግሩ ሳያሳያችሁ ስልካችሁን መጀመሪያ ከጠየቀ ዝጉት።

ሜሪላንድ ያላችሁ የኮንትራክተሩን ስም ወይም ቁጥር የስቴቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ታገኛላችሁ፤ ኤም ኤች አይ ሲ የሚሉት ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ፎልስ ቸርችና ስካይላይን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ዲፖር የሚባለውን የቨርጂኒያውን የላይሰንስ መስሪያ ቤት እዩ። ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ ማንም ባለሙያ ምንም አይቆረጥበትም። ቁጥሩን ስትጠይቁት የሚያቅማማ ሰው ከገጠማችሁ አትከራከሩት፤ ለሁለተኛው ሰው ጻፉ።